የትኛውን እግርህን?

ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ላይ የዴንቨሩ ኮልፋክስ ጎዳና ባዶ ነው። ቀዩ መብራት ለማን እንደበራ እንጃ፤ ለልማዱ ያህል ቆምኩ። አረንጓዴ ሲሆን ነዳጅ ሰጠሁ። ሞተሩ ትንሽ ጎተተኝና ከጉልበቴ ሥር «ጺው፣ ጺው፣ ጺው» ማለት ጀመረ፤ ጫጩት የዋጠ ይመስል። መቶ ሜትር ሳልሄድ ጫጩቷ ወደ እባብ ተለወጠች፤ «ሽሽሽ» ብሎ አቅሙ ከዳው፣ ሱሪዬ ላይ ትኩስ ነገር ተረጨ፣ ከዚያ ዝም። ቀሪው መንገድ አራት ኪሎ ሜትር ያህል ነው (የአዲስ አበባው አራት ኪሎ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ ሻይ አይጠፋም ነበር)። ፔዳል እየረገጥኩ ሥራ ገባሁ።

ሞተር የተገጠመላት ሳይክል ያለው ሰው ይህን ድምፅ ያውቀዋል፤ የቴስታታው (የሲሊንደሩ ክዳን) ጓርኒሲዮን፣ መሀላቸው የምትገባው ማሸጊያ፣ ተበልቷል። እኔማ አብሬው ኖሬአለሁ፤ በሁለት ወር ውስጥ ሦስተኛዬ ነበር።

ነገሩ የጓርኒሲዮን ቅያሬ ብቻ ቢሆን ይህን ሁሉ ባልጻፍኩ። ካንዴላውን (እሳት ሰጪውን) ትፈታለህ፣ አራት ዳዶ ትፈታለህ፣ ቴስታታውን ታነሳለህ፣ አሮጌውን አውጥተህ አዲሱን ታስገባለህ፤ ከአንድ ሰዓት አያልፍም። ያልለቀቀኝ አባቴ በስልክ የጠየቁኝ ጥያቄ ነው። ሁለት ቃል ናት። ከተጠየቅኋት ወራት አልፈዋል፣ አሁንም ዕቃ ባነሳሁ ቁጥር ትመጣብኛለች።

ቻይና፣ ከፍታ፣ ማስቲሽ

ሳይክሏ 26 ቁጥር ጎማ ያላት አሮጌ ናት። ሞተሩ ከ200 ዶላር ባነሰ ዋጋ በካርቶን ታሽጎ መጥቶልኝ ራሴ ነኝ የገጠምኩት፤ 48 ሲሲ፣ ቱ-ስትሮክ፣ በአየር የሚቀዘቅዝ። ኮሎራዶ ውስጥ ከ50 ሲሲ ካለፈ እንደ ሞተርሳይክል ስለሚቆጠር ትንሹን መረጥኩ። እኔ በምገባበት ሰዓት የሚመቸኝ አውቶቡስ የለም፣ መኪና የለኝም፣ በእግር ደግሞ ከሰዓት በላይ ይፈጃል። ለዚህ ይበቃል ብዬ ነው።

የመጀመሪያው ጓርኒሲዮን በሦስተኛው ሳምንት ሲበላ ጥፋቱን ለቻይና ሰጠሁ። ርካሽ ዕቃ ነዋ! ከአንድ ሚሊ ሜትር የምትቀጥን የአልሙኒየም ቀለበት ናት፤ በእጅ ስትይዛት የቆርቆሮ ክዳን ትመስላለች። በሲሊንደሩና በቴስታታው መሀል ተጨፍልቃ እሳቱን የምታስቀረው እሷ ናት። ቱ-ስትሮክ ደግሞ በየዙሩ ነው የሚፈነዳው፤ 4000 ዙር ላይ ስትነዳ በደቂቃ 4000 ጊዜ ማለት ነው። ይህን ሁሉ እያሰብኩ አዘንኩላትና ሌላ አዘዝኩ።

ሁለተኛው ሲበላ ጥፋቱን ለዴንቨር ሰጠሁ። ከተማዋ 1600 ሜትር ላይ ናት፣ አየሩ ስስ ነው፣ ሞተሩ የተሠራው ለባሕር ዳርቻ ሰው ነው… ይህን ንድፈ ሐሳብ ለአባባ ሳስረዳቸው በስልክ ሲስቁ ሰማሁ። «አዲስ አበባ ጅቡቲ አጠገብ መሰለችህ እንዴ?» አሉኝ። እውነትም አዲስ አበባ ከዴንቨር ከ700 ሜትር በላይ ትበልጣለች፤ እሳቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ በዚያ ስስ አየር ሞተር ሲያስነሱ ኖረዋል። ደግሞም ስስ አየር ውስጥ ካርቡራቶር ቤንዚን ያበዛል እንጂ አያሳንስም፤ ሞተሩ ይታፈናል እንጂ አይቃጠልም። ይህን በኋላ ነው የገባኝ።

ለሦስተኛው ሲሊኮን ቀባሁበት። ይህንን ለአባባ አልነገርኳቸውም። መካኒክ ለሆነ ሰው የቴስታታ ጓርኒሲዮን ላይ ማስቲሽ ቀባሁ ማለት፣ ለእናትህ ዶሮ ወጥ ላይ ስኳር ጨመርኩ እንደማለት ነው። አሥራ አንድ ቀን ቆየ። ከሁሉም ያጠረው እሱ ነው።

በመሀሉ ስለ ስም አንድ ነገር ልበል። እኔ የሞተር አካል ስም የማውቀው በአባቴ ቋንቋ ነው፤ ቴስታታ፣ ጓርኒሲዮን፣ ካንዴላ፣ ማርሚታ፣ ፍሪሲዮን። ጣሊያን ጥሎት የሄደው ቋንቋ ነው፤ ሰዎቹ ሄዱ፣ ቃሉ ጋራዥ ውስጥ ቀረ። እዚህ ዕቃ መሸጫ ገብቼ ሳላስበው «ካንዴላ» ብል፣ ስፓኒሽ ተናጋሪ የነበረው ሻጭ ከልቡ ሳቀብኝ። ለካ ሻማ ነው የጠየቅሁት። ጣሊያንኛውም ቢሆን ያው ሻማ ነው፤ እኛ ግን ያንን ትተን ሞተሩን ብቻ ወሰድን። ዕቃውን በጣቴ አሳይቼ ገዝቼ ወጣሁ።

ሁለት ቃል

አራተኛውን የገጠምኩት ቅዳሜ ማታ ነው። እጄን ታጥቤ፣ ሳላስነሳው፣ ለአባባ ደወልኩ። እኔ ዘንድ ከምሽቱ 3 ሰዓት ሲሆን እሳቸው ዘንድ የእሑድ ንጋት 12 ሰዓት ነው። ነጠላቸውን አጣፍተው ቤተ ክርስቲያን ሊወጡ ሲሉ ነው ያገኘኋቸው። ምስል ከፍቼ ሳይክሏን አሳየኋቸው።

«ደግሞ በላው?»

«ደግሞ በላው፣ አባባ። አሁን ቀይሬዋለሁ። መንገድ ላይ አስቀረኝ፣ በሌሊት። ጓርኒሲዮኑስ ይሁን፣ ሱሪ ጨረሰብኝ እኮ፤ ሦስት ሱሪ ነው በዘይት ያበላሸብኝ።»

ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ፦

«የትኛውን እግርህን?»

«አቤት?»

«ዘይቱ የሚረጭህ የትኛውን እግርህን ነው?»

ልመልስ አፌን ከፈትኩ፣ ግን መልስ አልነበረኝም። ስልኩን እንደያዝኩ የቆሸሸ ልብስ ወደማጠራቅምበት ቅርጫት ሄድኩ። ሁለቱ ሱሪዎች እዚያው ነበሩ፣ ሦስተኛውን ለብሼዋለሁ። አንድ በአንድ መብራት ሥር ዘረጋኋቸው። ከጉልበት ዝቅ ብሎ፣ በውስጥ በኩል፣ መዳፍ የሚያህል ጥቁር። ሁለቱም ላይ አንድ ቦታ። ጎንበስ ብዬ የለበስኩትን አየሁ። እዚያው።

«ግራውን» አልኩ።

«ሦስቱንም?»

«ሦስቱንም።»

«ታዲያ ጓርኒሲዮኑ ምን ያድርግህ?» አሉኝ። አልተቆጡም። ሰው የጠፋበትን መነጽር ግንባሩ ላይ እንዳለ የሚነገረው በዚያ ዓይነት ድምፅ ነው።

ያ ቅጽበት ሲመላለስብኝ የሚያሳፍረኝ ነገር ይህ ነው፦ ማስረጃው ሁሉ በእጄ ነበር። ሦስት ጊዜ ጥቁሩን ዘይት ከሲሊንደሩ ክንፎች ላይ ስጠርግ የጠረግሁት ከኋላ በግራ በኩል ነው፤ ጨርቁን አንድ ቦታ ላይ ነው የምወትፈው የነበረ። የሞተውን ጓርኒሲዮን ግን አንዱንም አገላብጬ አላየሁትም። ከቴስታታው አላቅቄ፣ ተበልቷል ብዬ፣ ወደ ቆሻሻ። አዲስ ማዘዝ ለማየት ጊዜ አይሰጥም። እንዲያውም አዲሱ ዕቃ በፖስታ እስኪደርስ ስጠብቅ ሥራ እየሠራሁ ያለሁ ይመስለኝ ነበር።

አባባ ግን ገና አልጨረሱም። «በዚያ በኩል ያለው ዳዶ ሲጠብቅ ምን ይልሃል?» አሉ።

ይህኛውን መልስ አውቀው ነበር። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ።

ሞተሩን የገጠምኩ ዕለት፣ ከማስነሳቴ በፊት፣ የቴስታታውን ዳዶዎች ላጥብቅ ብዬ 10 ቁጥር መፍቻ ያዝኩ። ልጅ ሆኜ የአባባ ጋራዥ ልጆች የጎማ ቡሎን ሲያጠብቁ መፍቻ ላይ ቱቦ ሰክተው ሲጫኑ አይቻለሁ። እኔም ቱቦ ሰካሁ። ሦስቱ ጠበቁ። አራተኛው፣ የኋላ ግራው፣ ጠበቀ፣ ጠበቀ፣ ከዚያ መፍቻው በእጄ ላይ ለሰለሰ። ሌላ ምን ብዬ ልግለጸው? ጠንካራ ነገር እየገፋህ ሳለህ ድንገት ቅቤ ውስጥ እንደገባህ ነው። ቡሎኑ ብረት ነው፣ ከታች የተሰካበት የሞተሩ አካል አልሙኒየም ነው፣ ውፍረቱ 6 ሚሊ ሜትር የሆነ ቡሎን በቱቦ አይጠበቅም። ጥርሱን በልቼዋለሁ። ያኔውኑ አውቄአለሁ። ሩብ ዙር ወደ ኋላ መለስኩት፣ «ይይዛል» አልኩ ለራሴ፣ ተነሳሁ።

ከዚያ በኋላ ሦስት ጊዜ ስገጥም ያቺን ዳዶ በስሱ ነው የምነካት። እንዳታጋልጠኝ የምለምናት ይመስል።

«ቢሮ በሌሊት አይከፈትም»

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። እኔ የደበቅኩት ግን ቡሎን ብቻ አልነበረም፤ አባባም ይህን ከእኔ ቀድመው ሳያውቁት አልቀሩም።

አባቴ ሰባተኛ አካባቢ በነበራቸው ጠባብ ጋራዥ ውስጥ ላዳ ታክሲ ሲጠግኑ ነው ያሳደጉኝ። ሶማሌ ተራ ድረስ ዕቃ ግዛ ብለው ልከውኛል፣ ዕቃውን ስመልስ ግን ከበር ነው የሚቀበሉኝ። አንድ ቀን መፍቻ አንስቼ ሲያዩኝ ከእጄ ወስደው ቦታው መለሱት። «የአንተ እጅ ለብዕር ነው» አሉኝ። ደጋግመው ስላሉት ልማድ ሆነ። አካውንቲንግ ተማርኩ፣ ተመረቅሁ፣ ሁለት ዓመት ባንክ ሠራሁ፣ ዲቪ ደረሰኝ። አሁን ከዴንቨር አጠገብ አውሮራ፣ አንድ መጋዘን ውስጥ ካርቶን እጭናለሁ። ለአባባ የነገርኳቸው ቢሮ ነኝ ብዬ ነው። ሙሉ በሙሉ ውሸት እንዳይሆን ያህል፣ መጋዘኑ ውስጥ ቢሮ አለ፤ በየቀኑ በበሩ አልፋለሁ።

ስለ ዳዶው ሁሉንም ነገርኳቸው። ቱቦውን፣ ቅቤውን፣ ሩብ ዙሩን። ሲሊኮኑንም ጨመርኩ፣ ከተጀመረ ላይቀር። አላቋረጡኝም። ስጨርስ ነጠላቸውን አስተካከሉና እንዲህ አሉ፦

«ቢሮ እኮ በሌሊት አይከፈትም።»

የጥያቄ ድምፅ አልነበረውም። እኔም ምንም አላልኩ። ሁለታችንም የሳይክሏን ሞተር እያየን ቆየን፤ እሳቸው በስልክ መስታወት ውስጥ፣ እኔ መሬት ላይ ተቀምጬ። ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም። ከበስተጀርባቸው የቅዳሴ ድምፅ በማይክ ይሰማ ነበር።

«በል ቴስታታውን አውርደው» አሉ በመጨረሻ። «ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ደውልልኝ።»

ብርጭቆ ወረቀት

የገጠምኩትን ፈታሁት። አዲሱ ጓርኒሲዮን እሳት ሳያይ ወጣ።

አባባ ሲመለሱ መጀመሪያ የጠየቁኝ የቴስታታው ፊት ጠፍጣፋ መሆኑን ነው። ጠፍጣፋ ነው አልኩ፤ በዓይኔ አይቼ። «ዓይንህን ተወው» አሉ። በማግሥቱ ከአሮጌ ዕቃ መሸጫ ትልቅ የፎቶ ፍሬም ገዝቼ መስታወቱን አወጣሁ። የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁት፣ በላዩ 320 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት አደረግሁ፣ ውኃ ረጨሁበት። የቴስታታውን ፊት በማይለቅ ማርከር ከዳር እስከ ዳር ጥቁር ቀባሁት። ከዚያ ወረቀቱ ላይ ደፍቼ፣ ሳልጫን፣ ስምንት ቁጥር እየሠራሁ አሸሁት። አሥር ጊዜ ያህል። አነሳሁት፣ በውኃ አጠብኩት፣ አየሁት።

ሦስት አራተኛው አዲስ ሳንቲም መስሎ ያበራል። በኋላ ግራ በኩል ያለው ሩብ ግን የቀባሁት ማርከር እንዳለ አለ። ጥቁር። ወረቀቱ አልነካውም፤ ዝቅ ብሏል ማለት ነው። ሦስት ዳዶ እየጎተተው አንዱ ሲለቅቅ፣ በዚያ ላይ እሳት ሲጨመርበት፣ ብረቱ ራሱ ተጣሟል። በዓይን ጠፍጣፋ ነው። በጣት ስትዳብሰው ጠፍጣፋ ነው። እኔ ደግሞ እዚህ ላይ ነው ሦስት ጊዜ አዲስ ቀለበት አስተኝቼ፣ በቃ ዳነ ያልኩት።

ያቺን ጥቁር ሩብ ፎቶ አንስቼ ለአባባ ላክሁላቸው። «አየሃት?» ብለው ብቻ ጻፉልኝ።

ጥቁሩ እስኪጠፋ ማሸት አንድ ሰዓት ወሰደ። ወረቀቱ በግራጫ ጭቃ ሲሞላ ማጠብ፣ ቴስታታውን ሩብ ዙር እያዞሩ እንደገና ማሸት፣ ማርከሩን መድገም፣ ማየት። በ400 ቁጥር ጨረስኩ። ጥቁሩ መጀመሪያ ዳር ዳሩን ለቀቀ፣ ከዚያ እንደ ማለዳ ጥላ እየጠበበ ሄዶ ቡሎኑ የሚያልፍበት ቀዳዳ ዙሪያ ትንሽ ቀለበት ሆነ፣ ከዚያ እሱም ጠፋ። በሕይወቴ እንደዚያ ተረጋግቼ የሠራሁት ሥራ ትዝ አይለኝም። ባንክ ውስጥ ሒሳብ ሲገጥምልኝ እንኳ እንዲህ አልተሰማኝም።

የቡሎኑን ጥርስ ግን እኔ አልሠራሁትም። ቡሎኖቹ ከሞተሩ አካል ተነስተው ሲሊንደሩን ሰንጥቀው ነው ወደ ቴስታታው የሚወጡት፤ ስለዚህ ሲሊንደሩም መውጣት ነበረበት። ፒስቶኑ ሥር ያለው ክፍት ቦታ ውስጥ ዕቃ እንዳይገባበት በጨርቅ መወተፍ ያስፈልጋል፤ ከተበላሹት ሱሪዎች የአንዱን ግራ እግር ቆርጬ ወተፍኩበት። ሌላ ምን ጥቅም ነበረው? ሞተሩን በሻንጣ ይዤ ሀቫና ጎዳና አጠገብ ወደሚሠራ አንድ አገር ልጅ መካኒክ ሄድኩ። የተበላውን ቀዳዳ ሰፋ አድርጎ በስቶ የሽቦ ጥርስ ከተተበት። ከአልሙኒየሙ ይልቅ ይህ ይጠነክራል አለኝ። ገንዘብ እንቢ አለ። «ማን ነው ቀጥታ ቡሎኑን እይ ያለህ?» ሲለኝ፣ አባቴ ናቸው አልኩ። «የት ጋራዥ?» አለ። ሰባተኛ አልኩት። ራሱን ነቀነቀ፤ ይህ ይበቃዋል።

ሳሙና

ጓርኒሲዮኑ አንድ ጊዜ ተጨፍልቋል። አንዴ የተጨፈለቀ አልሙኒየም ይጠነክራል፣ ሁለተኛ ጊዜ ለቴስታታው እሺ ብሎ አይተኛም። ሌላ ላዝዝ ስል አባባ ተቆጡ፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ የተቆጡት እዚህ ላይ ብቻ ነው። «አምስተኛ ልትገዛ? አለስልሰው እንጂ!»

መዳብ ቢሆን እስኪቀላ አግለህ ውኃ ውስጥ መንከር ነው። አልሙኒየም ግን አይቀላም፤ ቀለሙን ሳይለውጥ 660 ዲግሪ ላይ ዝም ብሎ ይቀልጣል። ታዲያ መቼ እንደበቃው በምን ይታወቃል? በሳሙና። ቀለበቱን ደረቅ የልብስ ሳሙና ትቀባዋለህ፣ እሳቱን ከሩቅ ታሳየዋለህ፣ ሳሙናው ቡናማ ሆኖ ወደ ጥቁር ሲሄድ እሳቱን ትነሳዋለህ። በቃ። ቴርሞሜትሩ እሱ ነው።

በመጀመሪያው ሙከራ የሳሙናው ጭስ የአፓርታማውን የእሳት ማንቂያ አስጮኸው። አባባ ጩኸቱን በስልክ ሰምተው «ምንድን ነው እሱ?» ሲሉ፣ ቤቱ እየጮኸ ነው አልኳቸው። ውጭ በረንዳ ላይ ወጥቼ ደገምኩት። ነጩ ሳሙና መጀመሪያ ሻይ መሰለ፣ ቀጥሎ ቡና፣ ከዚያ ከሰል። ሲቀዘቅዝ አንስቼ ጎንበስ ባደርገው እንደ ወፍራም ወረቀት እሺ አለኝ።

ከዚያ መግጠም። ቴስታታውን ቦታው አስቀምጬ፣ ሮንዴላዎቹን ከትቼ፣ ዳዶዎቹን በጣቴ አስያዝኩ። መካኒኩ መጠን የሚያሳይ መፍቻ አውሶኛል። አንዱን ልጀምር ስል አባባ «ቆይ» አሉ።

«ስታማትብ እጅህ እንዴት ነው የሚሄደው?»

አማተብኩ። ከግንባር ወደ ታች፣ ከግራ ወደ ቀኝ።

«እንደዚያ ነው። አጠገብ ላጠገብ አትሂድ። አንዱን ነክተህ ፊት ለፊቱ ያለውን፣ ከዚያ ሌላውን፣ ከዚያ የሱን ፊት ለፊት። በትንሽ በትንሹ። አንዱን ጨርሰህ ወደ ሌላው ከሄድክ ያጣምምሃል።»

ለማሳየት ቀኝ እጃቸውን ወደ ካሜራው አነሱ። በአየር ላይ አራት ዳዶ ሊያጠብቁ። እጃቸው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ትንሽ አይደለም። ከላይ ወደ ታች ሲወርድ መስመሩን ስቶ ሁለት ጊዜ ቆመ። እሳቸውም አዩት። እኔም አየሁት። እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ መለሱና «ገባህ አይደል?» አሉ።

«ገባኝ፣ አባባ።»

ጋራዡ እንዴት ነው ብዬ ስጠይቃቸው «ይመስገን» ሲሉኝ ስንት ጊዜያችን ነው? ያን ቀን አልጠየቅሁም። እሳቸው እኔን በሌሊት ስለሚከፈት ቢሮ እንዳልጠየቁኝ።

በመጀመሪያው ዙር 4 ኒውተን ሜትር፣ በሁለተኛው 8፣ በሦስተኛው 12። የኋላ ግራው ላይ ስደርስ ትንፋሼን ያዝኩ። መፍቻው ቀጭ አለ። ቅቤ የለም። «ቀጭ አለ?» አሉ። አለ፣ አልኩ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚሉትን ተረት ሲጀምሩ፣ እኔ ጨረስኩላቸው፤ ሳቁ።

ሲቀዘቅዝ

ከቤቱ ጀርባ ባለው መተላለፊያ ገፍቼ አስነሳሁት። ሳሙና በውኃ በጥብጬ በቴስታታው ዙሪያ ረጨሁ፤ አንድ አረፋ አልወጣም። ስልኩን አስጠጋሁላቸው። አባባ ዓይናቸውን ጨፍነው ነው የሚያዳምጡት፤ ላዳ ሲሰሙም እንዲያ ነበሩ። ትንሽ ነዳጅ ስጠው አሉ፣ ሰጠሁ። ልቀቀው አሉ፣ ለቀቅሁ።

«አጥፋው» አሉ። «ነገ ድፍን ብሎ ሲቀዘቅዝ ደግመህ አጥብቀው። በሙቀቱ አትንካው።»

በማግሥቱ እኔ ሳልደውል እሳቸው ደወሉ። እንደ ወትሮው እኔ ዘንድ ከምሽቱ 3 ሰዓት፣ እሳቸው ዘንድ ገና እየነጋ።

«አጠበቅከው?»

«አጠበቅሁት። ሦስቱ አልተነቃነቁም። የኋላ ግራው ትንሽ ዞረ።»

«ምን ያህል?»

«ከሩብ ዙር ያነሰ።»

«ደህና ነው፣ እየተኛ ነው።» ከበስተጀርባ ዶሮ ይጮኻል። «ሌሊት በስንት ሰዓት ነው የምትገባው?»

«በ11 ሰዓት፣ አባባ።»

«እንግዲያው ምን ያስቀምጥሃል?» አሉ። «ተኛ።»